የስኮትላንድን ዜማ እስከ ትውልድ ሰፈሩ መከተል

የምሠራው ኤዲንብራ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። አንዲት የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት እናት ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው ሁሌ አንድ ዜማ ያንጎራጉሩ ነበር። በልቤ እማማ ነበር የምላቸው። ብዙ ነገር ረስተዋል። የልጃቸው ስም እንኳ አንዳንዴ ይጠፋባቸዋል። ዜማው ግን አንድም ቀን አልጠፋባቸውም። አንድ ጠዋት "ይሄ የየት አገር ዘፈን ነው?" አልኳቸው። "የኛ ሰፈር ነዋ! የኒውሄቨን" አሉኝ።

ኒውሄቨን እዚሁ ኤዲንብራ ያለች የድሮ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ናት። ከምሠራበት ቤት በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ብትሆን ነው። ክራር እመታለሁ፣ ዜማ ስሰማ አገሩን ማወቅ ያምረኛል። ስለዚህ ያን ቀን ፍለጋ ጀመርኩ። እስካሁን የሠራልኝን መንገድ ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ዜማ ብቻ ምረጡ። አፋችሁ ላይ እስኪገባ ድረስ አንጎራጉሩት፣ ስልካችሁ ላይም ቅዱት። እዚህ አገር አንድ ዜማ ሦስት አራት ስም ሊኖረው ይችላል። አንዱ ቤት ለቅሶ ነው፣ ሌላው ቤት ጭፈራ ነው። በጆሯችሁ ካላወቃችሁት በስሙ ብቻ አታገኙትም።

ከዚያ ጥያቄውን ለሁለት ክፈሉት። ዜማው የማን ነው? ግጥሙስ የማን ነው? እኔ ይህን ባለማወቄ ብዙ ጊዜ አቃጥያለሁ። በስኮትላንድ ሁለቱ አብረው የሚወለዱት ከስንት አንዴ ነው።

የእማማን ዘፈን እንይ። ስሙ "ካለር ሄሪን" ነው። ካለር በስኮትስ ቋንቋ ትኩስ ማለት ነው፣ ገና ከባሕር የወጣ። ሄሪን ደግሞ ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ ነው። ዜማውን የሠራው ናትኒየል ጋው የተባለ ቫዮሊን ተጫዋች ነው፣ ከ1800 ጥቂት ቀደም ብሎ። መነሻ የሆኑት ሁለት ድምፆች ናቸው። አንዱ የኒውሄቨን ሴቶች ዓሣ ሲሸጡ የሚጣሩት ጥሪ ነው፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያን ደወል። ናትኒየል ግን የኒውሄቨን ልጅ አይደለም። ትውልዱ በፐርዝሻየር፣ በደንከልድ አጠገብ ያለች ኢንቨር የምትባል መንደር ነው። አባቱ ኒል ጋውም በዘመኑ ስመ ጥር ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ግጥሙን ከዓመታት በኋላ የጻፈችው ደግሞ ሌዲ ኔርን ናት፣ እሷም የፐርዝሻየር የመኳንንት ልጅ። ስሟን ከሰው ደብቃ ነበር የምትጽፈው። እንግዲህ ጥሪው የዓሣ ሻጮቹ፣ ዜማው የሙዚቀኛው፣ ግጥሙ የእመቤቲቱ ነው። እማማ "የኛ ሰፈር" ማለታቸው ግን ትክክል ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ከዚያ ነው የወጣው።

ቦታው ድረስ ሂዱ፣ ከቻላችሁ። እኔ አንድ እሑድ ሄድኩ። ትንሽ የድንጋይ ወደብ ነው። ሴቶቹ ዓሣውን በቅርጫት ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ ማንገቻውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ነበር ወደ ከተማው የሚወጡት። ከወደቡ ወደ መሀል ከተማ መንገዱ ሽቅብ ነው። ዜማውን እያንጎራጎርኩ ወጣሁት። ባዶ እጄን ሆኜ እንኳ ትንፋሽ አጠረኝ። ጎንበስ ብለው እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት እናቶቻችን ፊቴ ላይ መጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ዘፈኑን ሳንጎራጉር ፍጥነቱ ራሱ ተለወጠብኝ።

ቀጥሎ ርዕሱን አንብቡ። የስኮትላንድ ዜማ ርዕስ ብዙ ጊዜ የቦታ ስም አለበት፣ ጥቂት ቃላት ብታውቁ ይበቃችኋል። ግሌን ጠባብ ሸለቆ ነው። ስትራዝ ሰፊ የወንዝ ሸለቆ ነው። ሎክ ሐይቅ፣ ኢንቨር ወንዝ የሚገባበት አፍ። እነዚህ ከጌሊክ ቋንቋ የመጡ ናቸው። በርን ጅረት፣ ብሪግ ድልድይ፤ እነዚህ ደግሞ ስኮትስ ናቸው። "ክሬጌላኪ ብሪግ" የሚል ዜማ አለ፣ የፎካበርስ ሰው የሆነው ቫዮሊን ተጫዋች ዊልያም ማርሻል የሠራው። ክሬጌላኪ በስፔይ ወንዝ ላይ ያለች መንደር ናት። ድልድዩ የብረት ነው፣ ቶማስ ቴልፎርድ የነደፈው፣ በ1814 የተጠናቀቀው፣ ዛሬም የቆመ። እንግዲህ ዜማው ይህን ስም ያገኘው ድልድዩ ከታሰበ በኋላ መሆን አለበት። አንዲት ቃል ቦታውንም ዘመኑንም ነገረቻችሁ። ቦታዋን ለማየት የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ካርታዎችን በኢንተርኔት በነፃ አስቀምጧል። የጠፉ እርሻዎችና ወፍጮ ቤቶች ሁሉ እዚያ አሉ።

ርዕሱን ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። "የጫካው አበቦች" የሚባለው የሐዘን ዜማ በ1513 ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር ፍሎደን ላይ ስትዋጋ ስለወደቁት ወጣቶች ነው። ጫካው የኤትሪክ ጫካ ነው፣ በደቡቡ የድንበር አገር። ጦርነቱ ግን የተካሄደው እዚያ ሳይሆን እንግሊዝ መሬት ላይ ነው። ዜማው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተጻፈ የእጅ ጽሑፍ ላይ ይገኛል። የታወቀውን ግጥም ጂን ኤልየት የጻፈችው ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መሀል ነው፣ ከውጊያው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ። በጦርነት ተሸንፎ ይሸሽ የነበረው ልዑል ቻርልስ በ1746 ወደ ስካይ ደሴት ስላመለጠበት ጀልባ የሚዘፈነውም እንዲሁ ነው። ሰው ሁሉ የዚያ ዘመን ዘፈን ይመስለዋል። ግጥሙን የጻፈው ሃሮልድ ቦልተን የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን የታተመው በ1884 ነው። ዜማው ነው የስካይ። አኒ ማክላውድ የምትባል ሴት ሎክ ኮሩሽክ ላይ ጀልባ ሲቀዝፉ ከነበሩ ሰዎች የሰማችው ነው። አልበም ላይ "ባህላዊ" የሚል ቃል ስታዩ እዚያ አትቁሙ። ብዙ ጊዜ ከቃሉ ጀርባ ስም ያለው ሰው አለ።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። "ቶባር አን ዱዋልኺሽ" የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ በጌሊክ የቅርስ ጉድጓድ ማለት ነው፣ ውሃ የሚቀዳበት። በ1951 ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የስኮትላንድ ጥናት ተቋም ተከፈተ። ሰዎቹ መቅረጫ ይዘው በየእርሻው፣ በየደሴቱ፣ ከቦታ ቦታ እየዞሩ በሚኖሩት ተጓዦች ድንኳን ሁሉ ዞሩ። ከተቋሙ ሰዎች አንዱ ሃሚሽ ሄንደርሰን በ1953 አበርዲን ከተማ ውስጥ ዘፋኟን ጂኒ ሮበርትሰንን ያገኛት እንዲህ ሲዞር ነው። እንደሷ ያሉ ሰዎች ድምፅ እዚያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይሰማል። ስትፈልጉ በዘፈኑ ስም ብቻ አትፈልጉ፣ በቦታው ስምም ሞክሩ። የስሙን አጻጻፍም ለዋውጡ፣ እዚህ ሰው እንደ አፉ ነው የሚጽፈው። ከሁሉም በላይ ከዘፈኑ በፊት ያለውን ወሬ አትዝለሉ። "ይሄን ከእናቴ ነው የያዝኩት፣ እሷ ደግሞ እንትን እርሻ ስትቀጠር ሰማችው" የሚሉት እዚያ ላይ ነው። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ መጽሐፍ ትበልጣለች። ደብተር ያዙና ማን፣ የት፣ ከማን የሚለውን ጻፉ።

የሙዚቃ መሣሪያ ካላችሁ ደግሞ በእጃችሁ ፈትሹት። ፈረንጅ በአዲስ ዓመት ዋዜማ እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚዘፍነውን "ኦልድ ላንግ ሳይን" በክራር ሞክሬዋለሁ። ክራሬን በትዝታ ሜጀር ቃኘሁት፣ ቁጭ አለ! አምስቱ ድምፆች ያው ናቸው። ባለስድስት አውታር ክራር ግን አንድ ድምፅ ያጥረዋል፤ ዜማው ሰባት ቦታ ይረግጣል። እኔ ከታች ያለችውን አንዷን ወደ ላይ አውጥቼ ነው የምጨርሰው። ግጥሙን ስኮትላንዳዊው ገጣሚ ሮበርት በርንስ ከአንድ ሽማግሌ አፍ እንደሰማው ተናግሯል፤ ጽፎ የላከው በ1788 ነው። ያን ጊዜ ደምፍሪስ አጠገብ ኤሊስላንድ የምትባል እርሻ ላይ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ዜማ የተገጠመለት ግን እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1799 በታተመ ስብስብ ላይ ነው። ዜማው የስትራዝስፔይ ጭፈራ ዘመድ ነው፣ ስሙን ከዚያው ከስፔይ ሸለቆ ያገኘው ጭፈራ። ስትራዝስፔይን በምቱ ትለዩታላችሁ። አጭሯ ድምፅ ትቀድማለች፣ ረጅሟ ትከተላለች፣ እንደ መንጠቅ።

ያገኛችሁትን ይዛችሁ ወደ ሰው ተመለሱ። ሂል እና አዳምሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1840ዎቹ የኒውሄቨንን ሴቶች ፎቶ አንስተው ነበር። አንዱን ታብሌት ላይ አሳድጌ ለእማማ አሳየኋቸው። ቅርጫቱን በጣታቸው ነኩት። "አያቴም ነበራት" አሉ። እኔ ዜማውን ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ እጄን ያዝ አደረጉኝ። "እዚህ ጋ ዝቅ ይላል" ብለው ራሳቸው አንጎራጎሩት። በማግስቱ አንሶላ ስቀይርላቸው እንደገና አስደገምኳቸው፣ ልክ እንደዚያው ነበር። ደብተሬ ላይ እንዲህ ይላል፦ ኒውሄቨን፤ ከአያታቸው፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ዝቅ ይላል።