የድሮ ካምፐር ሻንሲና ሰስፔንሽን እንዴት ይለያል?

ኮምቦልቻ ውስጥ ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከም፣ ተደራርቦ የታሰረ የብረት ቅጠል) መሥራት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ጋራዤ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ደንበኞቼ በብዛት ከሚሌ በኩል ጭነው የሚመጡ ሾፌሮች ናቸው። አልፎ አልፎ ግን ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ታንከር የተገጠመለት የድሮ ካምፐር ይመጣል። ወደ ላሊበላ የሚወጡ ወይም ከዚያ የሚመለሱ እንግዶች ናቸው የሚነዱት። አሁን አሁን ደግሞ አሮጌ ሚኒባስና ኮስተር ገዝተው አልጋ የሚያስገጥሙ የኛው ሰዎችም እየመጡ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አስጎብኚ ከደሴ ደወለልኝ። «ፊያት ዱካቶ ነው፣ የድሮው። ከኋላ በግራ በኩል ይንኳኳል፤ ባሌስትራ ሳይሰበር አይቀርም» አለኝ። የድሮ ዱካቶ ከፊት ሞላ (ክብ የተጠመጠመ ስፕሪንግ)፣ ከኋላ ባሌስትራ እንደሆነ አውቃለሁ። መኪናውን ሳላይ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር፣ ደውዬ ባሌስትራ አስገዛሁ፤ በአውቶቡስ ተልኮ መጣ። ካምፐሩ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ደጄ ቆመ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከሥር ገባና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ባሌስትራ የለውም!» አለኝ። ገብቼ አየሁ። እውነቱን ነው፣ የለውም። እንግዶቹ አንድ ቀን ሙሉ ያለ ምክንያት ጠበቁኝ። የገዛሁት ባሌስትራ እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካምፐር የሚሠራ ፋብሪካ በብዛት ሞተርና ሻንሲ (መኪናው የሚያርፍበትን የብረት አጽም) አይሠራም። መኪናውን ከፊያት፣ ከመርሰዲስ ወይም ከፎርድ ይገዛና ቤቱን ላዩ ላይ ይሠራል። ጎኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ስም የቤቱ ሠሪ ስም ነው። ለመለዋወጫ ምንም አይረዳችሁም። የቤቱ ዓመትና የሻንሲው ዓመትም ላይገጥም ይችላል፤ ሻንሲው ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ቆይቶ በሚቀጥለው ዓመት ቤት ይሠራበታል። ስለዚህ ዓመት ስትጠይቁ የየትኛውን እንደሆነ ለዩ።

ከሻንሲ ቁጥሩ ጀምሩ። ሊብሬው ላይ አለ፤ ግን ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አስተያዩት። የሚመታበት ቦታ እንደ መኪናው ይለያያል፦ ኮፈኑ ሥር፣ የበር ፍሬሙ ላይ፣ በፊት መስታወቱ በኩል ዳሽቦርዱ ላይ፣ ወይም በፊት ጎማ አካባቢ ሻንሲው ላይ ፈልጉ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ የተለመደው 17 ፊደልና አኃዝ ነው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ ክብ ነገር ካያችሁ ዜሮ ነው። መጀመሪያ ያሉት ሦስቱ ሠሪውን ይነግሯችኋል። ዜድ ኤፍ ኤ ፊያት ነው። ቪ ኤፍ 3 ፔጆ፣ ቪ ኤፍ 7 ሲትሮየን። ደብልዩ ዲ ቢ መርሰዲስ ነው። በ1 የሚጀምር የአሜሪካ ነው፤ በእነሱ ላይ 10ኛው ቦታ የሞዴል ዓመቱን ይናገራል፦ ቢ 1981፣ ጄ 1988፣ ኤል 1990 ነው። የአውሮፓውን መኪና ዓመት ግን በ10ኛው ፊደል አትገምቱ፤ ብዙዎቹ ለዓመት አይጠቀሙበትም።

እዚህ ላይ አንድ የሚጠቅም ነገር፦ የመጀመሪያው ዱካቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1993 የተሠራው፣ ከፔጆ ጄ5 እና ከሲትሮየን ሲ25 ጋር አንድ መኪና ነው። አንዱ ሲጠፋ በሌላው ስም ጠይቁ።

ከዚያ ከሥር መግባት ነው። ክሪክ ብቻ ተማምናችሁ እንዳትገቡ! ካምፐር ቤት የተሸከመ መኪና ነው። ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙት፣ ጎማውን በድንጋይ አስይዙ፣ ሻንሲውን በጠንካራ መቆሚያ ደግፉ። ባትሪ፣ ብሩሽና ትንሽ ናፍጣ ያዙ።

ከሾፌሩ ካቢና ጀርባ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ተመልከቱ። ከፊት እስከ ኋላ ሳይቆረጥ የሚሄድ፣ የሲ ቅርጽ ያለው ወፍራም ብረት ካያችሁ የጭነት መኪና ሻንሲ ነው። የድሮዎቹ መርሰዲስ 508 እና 608 እንደዚያ ናቸው፤ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ። ለእኛ አገር መንገድ ከእነሱ የተሻለ አላየሁም። ለብቻው የቆመ ሻንሲ ከሌለና ወለሉ ራሱ ታጥፎ ጥንካሬ ከተሰጠው፣ አካሉና ሻንሲው አንድ ላይ የተሠራ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ያለው ቮልስዋገን እንደዚያ ነው። ሦስተኛው እኔን ያሳሳተኝ ነው።

ያን ቀን በጀርባዬ ተኝቼ ጭቃውን በናፍጣ አጠብኩት። ካቢናው ጀርባ ላይ የዱካቶው ጥቁር ብረት ያልቅና በብሎን የታሰረ ሌላ ብረት ይጀምራል። ቀለም የለውም፤ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ዚንክ የተነከረ ግራጫ ነው። ክብደቱ ቀላል እንዲሆን ጎኑ ተበስቷል። አልኮ የሚባለው የጀርመን ሻንሲ ነው። ከኋላ ከጎማ ጎማ የተዘረጋ አንድ ወፍራም ቱቦ አለ፤ ከጫፎቹ አጭር ክንድ ወጥቶ ጎማውን ይይዛል። ባሌስትራም ሞላም የለም። የሚሸከመው ቱቦው ውስጥ የተደበቀው፣ እየተጠመዘዘ የሚመለሰው ዘንግ ነው። ቱቦውን በጨርቅ ስጠርገው ጫፉ አካባቢ ጣቴ ትንሽ ጉብታ ነካ፤ የግሪስ መግቢያ ነው። በደረቅ ጭቃ ተደፍኖ ስንት ዓመት እንደቆየ እንጃ። የሚንኳኳው ደግሞ የግራው ሾክ አብዞርበር (ንጥረቱን የሚያበርደው) ነበር፤ የታችኛው ጎሚኒ አልቆ ብረት ከብረት ይጋጫል። ጎሚኒ ቀየርኩ፣ ግሪስ ሞላሁ፣ ሄዱ። ባሌስትራ ሥራው ውስጥ አልነበረም።

ሌሎቹን ሰስፔንሽኖች (መኪናውን ጎማው ላይ የሚሸከሙትን) መለየት ይቀላል። ባሌስትራ ከሆነ ቅጠሎቹን ቁጠሩ፣ ስፋቱን ለኩ፣ ከዓይን እስከ ዓይን (ጫፎቹ ላይ ካሉት የብሎን ቀዳዳዎች ከአንዱ እስከ ሌላው) ያለውን ርዝመት ውሰዱ። ሞላው ሾክ አብዞርበሩን ከውጭ ጠምጥሞ ከያዘው የዱካቶው የፊት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን እንደ አንድ ዕቃ አስቡት። ከፊት ሞላም ባሌስትራም ካጣችሁ፣ ከፊት ጎማው ክንድ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ቀጥ ያለ ዘንግ ፈልጉ። ጫፉ ላይ ከፍታ ማስተካከያ ብሎን ካለ ቶርሽን ባር፣ እየተጠመዘዘ የሚሸከም ዘንግ፣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የመጣው ቶዮታ ሃይስ ከፊት ይሄ አለው፤ ከኋላ አብዛኛው ባሌስትራ ነው፣ ለቤተሰብ መኪናነት ከተሠሩት ግን ሞላ ያላቸው አሉ። ከሚኒባስ የተሠራ ካምፐር ሲመጣ የኋላውን ሳታዩ አትናገሩ። የአየር ፊኛ ካያችሁ ደግሞ ጎኑን ተመልከቱ፦ ባሌስትራ አብሮ ካለ ፊኛው አጋዥ ነው፣ በኋላ የተጨመረ። በአሜሪካው ሸቭሮሌ ፒ30 ላይ ፊኛው የፊት ሞላው ውስጥ ተደብቋል፤ ባትሪ ካላበራችሁበት አይታይም።

የፊቱ አክስል (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት) ድፍን ይሁን አይሁን ካልታያችሁ አንዱን የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ አንሡ። ሌላኛው አብሮ ከተጋደመ ድፍን ነው።

የክብደት ሰሌዳውን (ክብደቱ የተጻፈበትን ትንሽ ብረት) አትለፉ። በአውሮፓ መኪና ላይ አራት ቁጥር አለው፦ የመኪናው ሙሉ ክብደት፣ ከተጎታች ጋር፣ የፊት አክስል፣ የኋላ አክስል። ሁለትና ሦስት ሰሌዳ ካለ አንዱ የመኪናው ሠሪ፣ ሌላው የሻንሲው ወይም የቤቱ ሠሪ ነው። አልኮ የሚል ሰሌዳ አስቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ያን ባሌስትራ አልገዛም ነበር። ቁጥሩን ከጭነቱ ጋርም አስተያዩት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽቅቡ ግን ወደ 600 ሜትር ነው። ውሃ ጢም ብሎ የተሞላ ታንከር ከኋላ ጭኖ ሐረጎን የሚወጣ የድሮ ካምፐር የፊት ጎማው ይቀልበታል። ዱካቶ ደግሞ የሚነዳው በፊት ጎማው ነው። ታንከሩን ቀንሰው ደሴ ላይ እንዲሞሉ እነግራቸዋለሁ።

አሁን ሰው ሲደውልልኝ አምስት ፎቶ እጠይቃለሁ፦ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ሰሌዳዎቹ ሁሉ፣ ካቢናው ጀርባ ብረቱ የሚገናኝበት ቦታ፣ የፊት ጎማ ከውስጥ በኩል፣ የኋላ ጎማ ከውስጥ በኩል። ጭቃውን ጠርጋችሁ አንሡት።