የባቄላ ሥር ካፓሲታንስ ንባብ ሲዘል የሠራልን መላ

ሱሉልታ፣ ላስቲክ ቤት ውስጥ ባቄላ በባልዲ ተክለናል። ግማሹ አፈር ማይኮራይዛ፣ ማለትም ከሥር ጋር ተጋግዞ የሚኖረው ፈንገስ፣ ተጨምሮበታል። ሥሩን ሳንነቅል መጠኑን ለመገመት በኤልሲአር ሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) ካፓሲታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅም፣ እንለካለን፤ አንዱ ኬብል ግንዱ ላይ፣ ሌላው አፈር ውስጥ በተሰካ የማይዝግ ዘንግ ላይ። ችግሩ፣ ያው ተክል ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ቁጥር ይሰጣል።

ኬብል ቀየርን፣ ወይ ፍንክች። መቆንጠጫውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው፣ ያው ነው። የሜትሩን ፍሪኩዌንሲ ከ1 ኪሎኸርዝ ስናዞረው ጭራሽ ባሰ፤ ፍሪኩዌንሲ ሲቀየር ካፓሲታንሱም ስለሚቀየር አንዱን ይዞ መቆየት ነው የሚሻለው።

ጉዱ ውሃው ላይ ነበር። አፈር ሲደርቅ ንባቡ ይወርዳል። ስለዚህ ሁሉንም ባልዲ ከታች እስኪያንጠባጥብ አጠጣንና ትርፉ እስኪወርድ ጠበቅን። ከዚያ መቆንጠጫውን ሁሉም ተክል ላይ ከአፈሩ 1 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገን አሰርን፣ ምክንያቱም ግንዱ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር ንባቡ ይቀንሳል። የሚነካበትን ቦታ ብቻ የኢሲጂ ጄል (ለልብ ምርመራ የሚቀባው፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ) ቀባነው (ወደ አፈሩ እንዳይወርድ!)። ቁጥሩ ረጋ።

ግን ካፓሲታንስ ፈንገሱን ለይቶ አያሳይም፣ ሥሩ ስለበዛም ይጨምራል። ጥቂት ሥር ፈንገሱን ለማየት ትራይፓን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም ቀልማችሁ በማይክሮስኮፕ እዩ።