መሀረቤን ያያችሁ? የክብ ጨዋታን በግቢያችሁ እንዴት ታስጀምራላችሁ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የመሀል አዲስ አበባ ልጅ ብዙውን ቀን የሚያሳልፈው ቤት ውስጥ ነው። ልደታ ይሁን ካዛንቺስ፣ አራት ኪሎ ይሁን ፒያሳ፣ ልጅ እንደልቡ የሚሮጥበት ቦታ ጠቧል። ስልክ ደግሞ ሁልጊዜ እጅ ላይ ነው። ቢሆንም ሕንፃው ሥር ትንሽ ባዶ ቦታ ካለ፣ ስምንት ልጅና አንድ መሀረብ ይበቃል።

"የዘንድሮ ልጆች እኮ ጨዋታውን አያውቁትም" የሚል ወላጅ ብዙ ነው። እንዴት ይወቁት? ይህን ጨዋታ አስተማሪ አላስተማረንም። ትልቁ ልጅ ለትንሹ እያሳየ ነው የመጣው። አሁን ያ ትልቅ ልጅ ሰፈር ውስጥ የለም። እናንተ ለአንድ ከሰዓት በኋላ የእሱን ቦታ ያዙ፤ ከዚያ ልቀቁላቸው።

ቦታ መምረጥ። ከመኪና መግቢያና መውጫ ራቁ። ጥበቃውን ቀድማችሁ "ጋሼ፣ ልጆቹ እዚህ ጋ ትንሽ ይጫወቱ" ብላችሁ አስፈቅዱ፤ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። መሬቱ ኮብልስቶን ከሆነ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ለመቀመጫ ካርቶን ወይም ማዳበሪያ አንጥፉ። ሯጮቹ የሚዞሩበት የውጪው መስመር ግን ምንም አይነጠፍበት፤ ያንሸራትታል። ግቢው ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ከተተከለ የዚያን ቀን ጨዋታው ይቅር። ምክንያቱንም ለልጆቹ ንገሯቸው።

መሀረቡን ማዘጋጀት። የጨርቅ መሀረብ ይሁን። ሶፍት ንፋስ ይወስደዋል፤ ከባድ ፎጣ ደግሞ ሲወድቅ ይሰማል። የመሀረቡን አንድ ጫፍ ትንሽ ቋጥሩት። ቋጠሮው ክብደት ስለሚሰጠው ከእጅ ሲለቀቅ ሳይንሳፈፍ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አጥብቃችሁ ግን አትቋጥሩት፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ክቡን መሥራት። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ክንዳቸው እስኪወጠር ወደ ኋላ ይሂዱ። ከዚያ እጃቸውን ለቀው፣ ፊታቸውን ወደ መሀል አድርገው ይቀመጡ። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ልጅ ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ ዙሩ ቶሎ ያልቃል፣ ከበዛ ደግሞ ተራ የማይደርሰው ልጅ ይሰለቻል። መጀመሪያ የሚዞረውን በጠጠር ምረጡ። አንዱ ልጅ በአንድ መዳፉ ጠጠር ደብቆ ሁለቱንም ጭብጦቹን ያቀርባል፤ ጠጠሩን ያገኘ ይጀምራል።

ዜማው። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ዞሪው መሀረቡን ይዞ ከክቡ ውጪ እየዞረ "መሀረቤን ያያችሁ?" ይላል። የተቀመጡት እያጨበጨቡ "አላየንም ባካችሁ!" ብለው ይመልሳሉ። በየሰፈሩ የሚጨመር ስንኝ አለ፤ ልጆቹ የራሳቸውን ቢያመጡ እሰየው።

ብዙ ሰው ዜማውን እንደ ማድመቂያ ያየዋል። እኔ ግን ጨዋታው ራሱ ዜማው ነው እላለሁ። ዞሪው መሀረቡን የሚጥለው ሌሎቹ "አላየንም" ሲሉ፣ ጭብጨባው ሲደምቅ ነው። ያኔ የጨርቅ ድምፅ አይሰማም። ደግሞም መሀረቡ ከእጁ ሲወጣ ድምፁም እርምጃውም መለወጥ የለበትም። ትንንሾቹ ላይ አስተውሉ፤ ሊጥሉ ሲሉ ዜማውን ያቆማሉ፣ ወይም ሳቅ ያፍናቸዋል። ከጣሉ በኋላ ደግሞ ባዶ እጃቸውን እንደያዘ ሰው ጨብጠው መዞር ይረሳሉ። ጨዋታውን የተካኑ ልጆች ግን ሁለት ልጅ አልፈው ሁሉ መሀረቡ አሁንም እጃቸው ውስጥ ያለ ያስመስላሉ። ይህን ችሎታ በቃል ከማስረዳት አንድ ዙር ራሳችሁ ዞራችሁ ብታሳዩ ይሻላል።

የተቀመጠው ወደ ኋላ ዞሮ ማየት አይፈቀድለትም። ከጠረጠረ በእጁ ከኋላው ይዳስሳል። ያየ ጎረቤትም በዓይን መጥቀስ የለበትም። ይህ ሕግ መጀመሪያ ላይ ካልተነገረ ጨዋታው በ"አጭበረበርክ" ያልቃል።

ሩጫው። መሀረቡን ከኋላው ያገኘ ልጅ ይዞት ተነስቶ ጣዩን ያባርራል። ጣዩ ሳይያዝ ዞሮ ባዶው ቦታ ላይ ከተቀመጠ አመለጠ፤ መሀረብ የያዘው አዲሱ ዞሪ ይሆናል። ከተያዘ ያው ጣዩ እንደገና ይዞራል። የተጣለበት ልጅ ሳያውቅ ዞሪው ሙሉ ዙር ዞሮ ከደረሰ ግን መሀረቡን አንስቶ ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። ቋጠሮው ላላ ይበል ያልኩት ለዚህ ነው። ጀርባ ብቻ፣ ባልተቋጠረው ጫፍ። ሁሉም የሚሮጠው በአንድ አቅጣጫ ይሁን፤ ካልሆነ ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ።

ሦስት አራት ዙር እንደሄደ እናንተ ከክቡ ውጡ። በረንዳ ላይ ሆናችሁ ተመልከቱ እንጂ ዳኛ አትሁኑ። ሲጣሉ ራሳቸው ይስማሙ። በዕድሜ ከፍ ያለችውን ልጅ "አንቺ አስጀምሪያቸው" ማለት ይበቃል፤ ነገ ያለ እናንተ የሚጫወቱት በእሷ ነው።

ሩጫው ሲሰለቻቸው አኩኩሉ አለ። ፈላጊው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዓይኑን ጨፍኖ "አኩኩሉ!" ይላል። ተደባቂዎቹ ቦታ እስኪይዙ "አልነጋም!" ይላሉ፤ ሲደበቁ "ነጋ!"። በፎቅ ቤት የመደበቂያውን ወሰን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ደረጃው ሥር ይፈቀድ፤ ጣሪያ፣ የውሃ ታንከርና የቆመ መኪና ሥር በፍጹም አይፈቀድ።

ዝናብ ከመጣ ደግሞ መተላለፊያው ላይ እቴሜቴ ይጫወቱ። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። "እቴሜቴ የሎሚ ሽታ" እያሉ አንዴ የራሳቸውን መዳፍ፣ አንዴ የጓደኛቸውን ያጨበጭባሉ። ቀስ ብለው ይጀምሩ፤ ምቱ ሲገባቸው ያፍጥኑት። መዳፍ የሳተ ጥንድ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል። ወንዶቹ "የሴት ጨዋታ ነው" ብለው ዳር ከቆሙ አታስገድዷቸው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ራሳቸው "እኛም እንሞክር" ማለታቸው አይቀርም።