አትላስ ላይ ሳይሰጥሙ መዋጋት

አትላስን፣ በኢንተርኔት የሚጫወቱትን የባሕር ወንበዴዎች ጌም፣ የጀመረ ሁሉ ጋሊዮን የሚባለው ትልቁ መርከብ ያምረዋል። እውነትም ያስፈራል፣ በሁለት ጎን መድፍ ደርድሮ ሲመጣ። ግን የሚፈጀው እንጨትና ብረት፣ የሚጠይቀው የሰው ብዛት፣ ብቻውን ወይም ከሁለት ጓደኛ ጋር ለሚጫወት ሰው ጣጣ ነው። ስሉፕ የሚባለው ትንሽ መርከብ ለአሰሳ እንጂ ለውጊያ አይሆንም። በመካከለኛው፣ በስኩነር ጀምሩ፣ ስትለምዱ ከእሱ ወደሚተልቀው ብሪጋንቲን እለፉ።

የመርከብ መሥሪያ ቦታው ባሕር ዳር ውኃው ላይ ይተከላል። መጀመሪያ አጽሙ ይቆማል፣ ከዚያ የጎን ሳንቃው፣ ወለሉ፣ ሸራውና መሪው። መርከቡን ከመልቀቃችሁ በፊት በሆዱ ገብታችሁ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ እዩ፤ አንድ ከጎደለ ውኃ ያስገባል።

ሸራው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ፍጥነት፣ አንዱ ጭነት፣ አንዱ ደግሞ መታጠፍ ይጨምራል። ለውጊያ የጭነቱን ተዉት። እንዲያውም ወደ ጠብ የምትሄዱ ከሆነ ያላችሁን ማዕድንና ዕቃ ወደብ አራግፉ፤ መርከብ በከበደ ቁጥር ይጎተታል፣ የሚጎተት ደግሞ ኢላማ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው የመድፍ ብዛት የሚያሸንፍ ይመስለዋል። እኔ ግን ጥገና ነው የምለው። እያንዳንዱ ሳንቃ የራሱ ጤና አለው፤ አንዱ ሲሰበር ውኃው መግባት ይጀምራል፣ ቀዳዳው ካልተደፈነና ውኃው በባልዲ ካልተቀዳ መድፋችሁ ሁሉ ሳይነካ ትሰጥማላችሁ። ስለዚህ የጥገና ሳጥኑን በእንጨትና በቃጫ ሙሉት፣ ትርፍ ሳንቃ ያዙ፣ ባልዲ አትርሱ። ቡድን ካላችሁ አንድ ሰው ሥራው ታች ብቻ ይሁን። ማንም አይወደውም ይህን ሥራ፤ ተራ ግቡ።

ይኸው ነገር ጠላትም ላይ ይሠራል። ጥይታችሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ አትበትኑ። አንድ ቦታ መርጣችሁ፣ ወደ ውኃው ቀረብ ያለውን ሳንቃ፣ እስኪበሳ ደጋግሙበት። የመድፍ መስኮቶቻችሁን ካልተኮሳችሁ ዝጉ።

ከመተኮስ በፊት ግን ነፋስ። ሸራውን ወደ ነፋሱ እያዞራችሁ ካልያዛችሁት ፈጣን መርከብም ቆሞ ይቀራል፤ የቆመን መርከብ ጠላት ጎኑን ሰጥቶ እንደፈለገ ይቀጠቅጠዋል። ነፋሱ ከኋላችሁ ሲሆን ግጠሙ፣ መሸሽ ካስፈለገም መንገዱ ያው ነው።

ለልምምድ የተረገሙት መርከቦች አሉላችሁ፣ እነዚያ ባሕሩ ላይ ብርሃን እየረጩ የሚዞሩት የመናፍስት መርከቦች። ዋና ጉልበታቸው ጎናቸው ላይ ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን አትግጠሟቸው። መድፋችሁን ከኋላ ደርድሩ፣ ይከተሏችሁ፣ እናንተ እየሸሻችሁ ተኩሱ። ወንድነት አይመስልም፣ ግን ይሠራል። ደረጃቸው ዝቅ ባሉት ጀምሩ፤ ሁለት ሦስት ሆነው ካያችኋቸው ዙሩና ሂዱ።

ተቀጣሪ መርከበኞች መድፉንም ሸራውንም ይይዙላችኋል፣ ደመወዛቸው ወርቅ ነው፣ የጥይት ሳጥኑም ባዶ እንዳይሆን። አንድ አልጋ መርከቡ ውስጥ አስገቡ። በውጊያ መሃል ከሞታችሁ እዚያው ተነሥታችሁ ባልዲውን ታነሣላችሁ፣ ያለዚያ ከሌላ ደሴት መርከባችሁ ሲሰጥም ትሰማላችሁ።