በጊታር ሰው ማስጨፈር ለሚሹ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጀመሪያ የሠራሁትን የጭፈራ ሙዚቃ ያስደመጥኩት አንድ ወዳጄ ቤት፣ ልደት ላይ ነው። ኪኩ (ወፍራሙ የከበሮ ምት) እና ባሱ ብቻቸውን ሲሄዱ ሰው ሁሉ መሀል ወለሉ ላይ ነበር። ሦስት ሳምንት የደከምኩበት ጊታር ሲገባ ግን አንድ በአንድ ወደየመቀመጫቸው ተመለሱ። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም ቀይረው አላለም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወሬ ትዝ ያላቸው ይመስል ማውራት ጀመሩ። ከመሀላቸው አንዷን ምን ሆናችሁ ብዬ ስጠይቃት፣ "እንጃ፣ እግሬ ግራ ገባው" አለችኝ።

ያኔ ጥፋቱ የቀረጻው መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው፤ ጊታሩን ከመረጥኩበትና ከተማርኩበት መንገድ። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ሁሉንም ሠርቻቸዋለሁ። ሁለቱን አሁንም አልፎ አልፎ እሠራቸዋለሁ።

"በአኮስቲክ ካልጀመሩ አይሆንም" የሚለውን ምክር ሳይመረምሩ መቀበል

ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ነው። ከባዱን የቻለ ቀላሉ አያቅተውም ከሚል ነው የሚመጣው። ይሁን እንጂ ክላሲካል፣ የብረት ክር ያለው አኮስቲክና ኤሌክትሪክ ጊታር ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ክላሲካሉ የናይለን ክር ስላለው ለጣት ጫፍ ይለሰልሳል፤ አንገቱ ግን ሰፊ ነው፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ወደ 52 ሚሊሜትር ይጠጋል። የኤሌክትሪኩ አብዛኛውን ጊዜ 42 ወይም 43 ነው። አንድ ሳንቲሜትር ትንሽ ይመስላል፤ እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ግን ልዩነቱን በመጀመሪያው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ያውቀዋል። የብረት ክሩ አኮስቲክ አንገቱ ይጠባል፣ ክሩ ግን ወፍራምና የተወጠረ ነው። እዚያ ላይ የመጨረሻዋ ቀጭን ክር በተለመደው አጠቃቀም 0.30 ሚሊሜትር ስትሆን ኤሌክትሪኩ ላይ 0.25 ገደማ ናት።

የሚወዱት የጭፈራ ሙዚቃ ከሆነ የሚፈልጉት አጭር፣ ደረቅ፣ ቶሎ የሚቆረጥ ድምፅ ነው። ያን በቀላሉ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ስለዚህ በእሱ ይጀምሩ፣ ምንም ኃጢአት የለበትም። ልብዎ ያለው የብራዚሉ ቦሳ ኖቫ ላይ ከሆነ ደግሞ የናይለኑን ይያዙ፤ ያ ሙዚቃ ያለ እሱ ግማሽ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ድምፁ እንዲጎላ ብለው ክላሲካል ጊታር ላይ የብረት ክር አያድርጉ። የብረቱ ውጥረት ብሪጁን፣ ክሮቹ ሰውነቱ ላይ የሚታሰሩበትን፣ ከእንጨቱ ገንጥሎ ያነሣዋል። የእኔ የተነሣው በአራተኛው ቀን ነው።

በዓይን መግዛት

ቀለሙ ያማረ ጊታር ሁሉ አይጫወትም። አሥር ደቂቃ ወስደው እንዲህ ይፈትሹት።

ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይንዎ አስጠግተው አንገቱን ከላይ እስከ ታች ይመልከቱ። መጣመም ካለ በአንድ በኩል ዘንበል ብሎ ይታያል። ቀጥሎ ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ መጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ቀጭን ብረት) ላይ፣ በሌላው እጅ አንገቱ ከሰውነቱ የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ይጫኑትና ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ያለውን ክፍተት ይዩ። ወፍራም ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ክፍተት ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም የበለጠ ከሆነ አንገቱ ጎብጧል፤ አንገቱ ውስጥ የሚስተካከል ብረት ካለው ባለሙያ ሊያቃናው ይችላል።

ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ ያለውን ከፍታ ይለኩ። ለኤሌክትሪክ 2 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ለብረት ክር አኮስቲክ 2.5፣ ለክላሲካል ከ3 እስከ 4 የሚስማማ ነው። እዚያው ሳሉ ጣትዎን 12ኛው ፍሬት ትክክል ላይ ሳይጫኑ አሳርፈው ክሩን ይምቱት፤ እንደ ደወል የጠራ ድምፅ ይወጣል። አሁን እዚያው ፍሬት ላይ ተጭነው ይምቱት። ሁለቱ ድምፆች አንድ መሆን አለባቸው። ተጭነው ሲመቱት ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ጊታሩ ላይኛው አንገት ላይ ቢቃኝ ታችኛው ላይ ይዋሻል። ኤሌክትሪክ ከሆነ ብሪጁ ላይ ባሉ ብሎኖች ይስተካከላል፣ አኮስቲክ ከሆነ ግን ሌላ ቢያዩ ይሻላል። በመጨረሻ እያንዳንዱን ክር እያንዳንዱ ፍሬት ላይ ይሞክሩ፤ የሚንዛዛ ካለ ይሰሙታል። አሰልቺ ነው፣ ሻጩም ፊቱን ያጠቁራል። ይጠብቅ።

ይህን ሁሉ የምለው ለጥራት ተጨንቄ ብቻ አይደለም። ክሩ ከፍ ያለ ጊታር የገዛ ጀማሪ ጥፋቱን መሣሪያው ላይ አይጥልም፤ "እኔ እጅ የለኝም" ብሎ ነው የሚተወው።

ሳይቃኙ መለማመድ

አጭር ነው፦ በተነሡ ቁጥር ይቃኙ። የስልክ መቃኛ ይበቃል። ክሩን ወደ ድምፁ የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ እያጠበቁ ይሁን፤ ከላይ አላልተው ከተዉት ትንሽ ቆይቶ ይወርዳል። አዲስ ክር ሲያደርጉ በእጅዎ ሳብ ሳብ አድርገው ደግመው ይቃኙ።

ግራ እጅን ማሠልጠን፣ ቀኝ እጅን መርሳት

የስህተቶች ሁሉ እናት ይቺ ናት። ጀማሪ ኮርድ ይሰበስባል። በሁለተኛው ወር ሃያ ኮርድ ያውቃል፣ በዓመቱ ስማቸው እንኳ የሚያስቸግር ኮርዶች ይይዛል። ቀኝ እጁ ግን አሁንም ወደ ታች ወደ ታች ብቻ ይላል፣ ኮርድ ሲቀየር ደግሞ ቆም ብሎ ግራውን ይጠብቃል። የሚጨፍር ሰው የኮርዱን ስም አይሰማም። ያቺን ቆም ማለት ግን በእግሩ ይሰማታል።

ቁጥሩን እንየው። በደቂቃ 120 ምት የሚሄድ ሙዚቃ ላይ አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። የጭፈራ ጊታር ያንን ምት ለአራት ይከፍለዋል፤ ስለዚህ ቀኝ እጅ በየ125 ሚሊሰከንዱ አንድ ጊዜ ታች ወይም ላይ ይላል። በአንድ ባር፣ በአራት ምት፣ 16 ጊዜ ማለት ነው። ይህን ሁሉ እያሰቡ መምታት አይቻልም። እጁ ራሱ ሰዓት መሆን አለበት።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ግራ እጅዎን ክሮቹ ላይ ሳይጫኑ ያሳርፉ። ሲመቱት ድምፅ የለውም፣ "ቸክ" የምትል ደረቅ ነገር ብቻ። ታች ሲሄዱ "ታ"፣ ላይ ሲመለሱ "ካ" እያሉ ይቁጠሩ፦ ታካታካ፣ ታካታካ፣ ታካታካ፣ ታካታካ። ከክንድ ሳይሆን ከእጅ አንጓ፣ ውኃ ከጣትዎ እንደሚያራግፉ ያህል። ይህ ብቻውን አምስት ደቂቃ ሳይዛነፍ እስኪሄድ ኮርድ አያምጡ። ከዚያ በመጀመሪያው ምት የመጀመሪያዋ "ታ" ላይ ብቻ ግራ እጅዎን ጫን፣ ወዲያው ለቀቅ ያድርጉ፤ ጣትዎ ግን ከክሩ አይነሣ። ቀጥሎ የሁለተኛው ምት የመጨረሻዋን "ካ" ይጨምሩ። ቀኝ እጅዎ ምንም አልተለወጠም፣ አሁንም 16 ጊዜ ይመላለሳል። ሙዚቃውን የሚጽፈው የግራው መጫንና መልቀቅ ነው። ሲገባዎት ጸጉርዎ ይቆማል።

የፈንክ ዘፋኙ የጀምስ ብራውን ጊታሪስት ጂሚ ኖለን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያደርገው የነበረው ይህንኑ ነው፤ አመታቱን የዶሮ ጭረት ይሉታል፣ ዶሮ መሬት ስትጭር እንደሚሰማው ስለሆነ። የሺክ ባንዱ ናይል ሮጀርስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ያንኑ እጅ ለዲስኮ አዋለው። ሁለቱንም ሲሰሙ ከተመታው ይልቅ የተዘለለውን ይቁጠሩ።

ስድስቱንም ክር መምታት

ወፍራሙ ክር ሳይጫኑት ሲመታ በሰከንድ 82 ጊዜ (82 ኸርዝ) አካባቢ ይርገበገባል። ኪኩና ባሱም የሚኖሩት እዚያው መንደር ነው። ሦስቱ አንድ በር ላይ ሲጋፉ ጭፈራው ይጨማለቃል። ባሱ የኮርዱን መሠረት ስለያዘው ለእርስዎ የሚቀረው ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ሦስት ይበቃሉ፤ እኔ ብዙ ጊዜ በሁለት እውላለሁ። ሲቀርጹም ከጊታሩ ትራክ ከ120 ወይም ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ይቁረጡት። ብቻውን ሲሰሙት የሳሳ ይመስላል፤ አይደንግጡ፣ የሚሰማው ከኪኩ ጋር ነው።

በፔዳል መሸፈን

ዲስቶርሽን፣ ድምፁን የሚያሻክረው ፔዳል፣ ድምፁን ያስረዝማል፣ ለጭፈራ የሚያስፈልገው ደግሞ ክፍተቱ ነው። ሪቨርብም (የአዳራሽ ማሚቶ) ሲበዛ ክፍተቱን ይሞላዋል። ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግመውን) ከተጠቀሙ በግምት አያድርጉት፤ 60,000ን በደቂቃው ምት ብዛት ሲያካፍሉ የአንዱን ምት ርዝመት በሚሊሰከንድ ያገኛሉ። ለ120 ምት 500 ነው፤ የዚያ ሦስት አራተኛ የሆነው 375 ደግሞ ጊታርን የሚያስጨፍር ዲሌይ ነው።

ሜትሮኖምን በየምቱ ማስጮህ

በየምቱ "ቲክ" የሚል ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ይሸከምዎታል፣ አያስተምርዎትም። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰው ድምፁን ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ያውሉት። አንደኛውንና ሦስተኛውን ራስዎ መያዝ ይኖርብዎታል። መጀመሪያ ላይ ይጠፋብዎታል። ስልክዎ ላይ ቀድተው ያዳምጡት፤ እየተጫወቱ ሳለ ያልሰሙትን መቅደም ቁጭ ብለው ይሰሙታል። ብዙዎቻችን የምንቀድመው ኮርድ ከመቀየራችን በፊት፣ እንዳያመልጠን ስንፈራ ነው።

በኮምፒውተር ሲቀርጹ ራስን መውቀስ

ብቻዎን ሲጫወቱ ልክ ነዎት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሲቀርጹ ሁልጊዜ የዘገዩ ይመስልዎታል? እጅዎን ከመርገምዎ በፊት በፈር የሚባለውን ቅንብር፣ ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያጠራቅመውን የድምፅ ናሙና ብዛት፣ ይዩ። በ48,000 ኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ናሙና) እየቀረጹ በፈሩ 1,024 ከሆነ፣ ድምፁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከ21 ሚሊሰከንድ በላይ ይዘገያል። ለሚቆረጥ ጊታር ይህ ብዙ ነው። ለቀረጻ 128 ያድርጉት፣ ሚክስ ሲያደርጉ (የተቀረጹትን ሲያቀላቅሉ) መልሰው ያሳድጉት። አንድ ክረምት ሙሉ ይህን ባለማወቄ እጄን ስወቅስ ከርሜያለሁ።

ሁሉንም ነገር መስመሩ ላይ መደርደር

ተቃራኒው ጥፋት ይሄ ነው፦ ቀርጸው ሲያበቁ እያንዳንዷን ድምፅ በማውስ ጎትተው ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው የምት መስመር ላይ ማስቀመጥ። ሮጀር ሊን እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውን ኤልኤም-1 የከበሮ ማሽን ሲሠራ ምቶችን መስመር ከሚያስይዘው ማሰለፊያ ጋር ስዊንግ ያስገባለት ያለ ምክንያት አይደለም። ስዊንግ እያንዳንዷን "ካ" በትንሹ ያዘገያታል። 50 በመቶ ማለት ቀጥ ያለ ነው፣ 66 አካባቢ ሲደርስ ምቱ በሦስት ወደሚከፈል ይለወጣል። ከ54 እስከ 58 ባለው መሀል ነው ወገብ የሚላላው። ሃይ ሃቱን (ከከበሮው ጋር ያለውን ጥንድ የብረት ሳህን) እዚያ ካደረጉ ጊታሩን ግን እንዲሁ ቀጥ ብሎ አይተዉት፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ያቺ ልደት ላይ የነበረችው ሴት ያለችው ይመጣል።

በስምንት ባር ውስጥ ቤቱን መሙላት

ስምንት ባር ሉፕ፣ እየተደጋገመ የሚዞር ቁራጭ፣ ይሠራሉ፣ ይጥማል፣ አንድ ነገር ይጨምራሉ፣ ሌላ ይጨምራሉ። ሌሊቱ ሲነጋ አሥራ አምስት ትራክ አለዎት፣ ዘፈን ግን የለዎትም፤ ሙዚቃው ከጀመረበት አይንቀሳቀስም። ጆሮ አንድን ነገር የሚሰማው ሲመጣ ወይም ሲሄድ ነው። በየ8 ወይም በየ16 ባሩ አንድ ነገር ብቻ ያስገቡ ወይም ያውጡ። ሁሉም ከመመለሱ በፊት ላለው አንድ ባር ኪኩን ያጥፉት። ኪክና ባስ ብቻቸውን ካላስነሡዎት ደግሞ ጊታር አያድናቸውም፤ ወደ ኋላ ይመለሱ።

ጊታሩን ሳያጠፉ ጨረስኩ ማለት

ጊታሪስት ስለሆኑ ጆሮዎ ጊታሩን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፍርድዎ አይታመንም፣ የእኔም አይታመንም። መጀመሪያ ሙዚቃውን በሞኖ፣ ግራና ቀኙን አንድ አድርገው፣ ይስሙት፤ በግራና በቀኝ የተለጠጠ ጊታር ሞኖ ላይ አንዳንዴ ይሳሳል፣ አንዳንዴ ከነጭራሹ ይጠፋል። ቀጥሎ ተነሥተው ይቁሙ። ወንበር ላይ ሆነው የጭፈራ ሙዚቃ መፍረድ አይቻልም። 16 ባር በጊታር፣ 16 ባር ያለ ጊታር እያፈራረቁ ጉልበትዎን ይጠብቁ።

የልደቱን ዘፈን ከዓመታት በኋላ ከፍቼ ይህን ሞከርኩት። ጊታሩን ሳጠፋው ተሻሻለ። ስለዚህ ከነበረው ሁሉ የሁለተኛውና የአራተኛው ምት የመጨረሻዋ "ካ" ላይ የምትወድቀውን ብቻ፣ በሦስት ቀጫጭን ክር፣ አስቀረሁ። በአንድ ባር ሁለት ድምፅ። ቀሪዋን ደርዘን ኮርድ ሰረዝኩ፤ አንዷን ግን፣ በጣም ስለምወዳት፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር ጸጥ ሲል አስገባኋት።