ጡንቻ ለመገንባት የምትሠሩ የድሬ ልጆች፣ እነዚህን የአመጋገብና የሰፕሊመንት ስህተቶች አስወግዱ

ባለፈው ወር አንድ የ19 ዓመት ልጅ ትልቅ የፕሮቲን ዱቄት ታቅፎ ሳቢያን ሰፈር ወደምሠራበት ጂም መጣ። "ኮች፣ ይሄን በቀን ስንቴ ልጠጣው?" አለኝ። ከመመለሴ በፊት ጠዋት ምን እንደበላ ጠየቅሁት። "ሻይ በዳቦ።" ምሳስ? "ትንሽ ፓስታ።" ትናንት ማታስ? ዝም አለ። ከሰዓት በርጫ ላይ ስለነበር ማታ ምግብ አላሰኘውም። ለዱቄቱ ያወጣው ብር ግን በቀን ሦስት እንቁላል ለወራት ይገዛለት ነበር።

እንደሱ ያሉ ልጆች በየሳምንቱ አያለሁ። ልፋታቸው ያሳዝነኛል። በዚህ ሙቀት ብረት ያነሳሉ፣ ላባቸው ይንጠፈጠፋል፣ ሰውነታቸው ግን የሚገነባበት ነገር አያገኝም።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ምግቡ ሳይስተካከል ዱቄቱን መግዛት። ሰፕሊመንት ማለት ማሟያ ነው። ሳህኑ ባዶ ከሆነ ምኑን ያሟላል? ዌይ ፕሮቲን የሚባለው ተአምር አይደለም። እናቶቻችን አይብ ሲያወጡ የሚቀረው አጓት ነው፤ ፋብሪካ አጣርቶ አድርቆ ዱቄት ያደርገዋል። አንዱ ስኩፕ፣ ማለትም ከዱቄቱ ጋር የሚመጣው መለኪያ ማንኪያ፣ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። አራት እንቁላልም ያንኑ ያህል ይሰጣል።

ስንት ያስፈልጋል ለምትሉ፣ ክብደት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃል። 60 ኪሎ ከሆናችሁ 96 ግራም ማለት ነው። ብዙ ይመስላል። ግን ድሬ ላይ እንቁጠረው። ጠዋት አንድ ሳህን ፉል፣ ሁለት እንቁላልና ዳቦ ስትበሉ 35 ግራም ገደማ ታገኛላችሁ። ምሳ ላይ ሩዝ በ100 ግራም የበሰለ ሥጋ 30 ግራም ያልፋል። ከባቢሌ በኩል የሚመጣው ለውዝ 50 ግራሙ 13 ግራም ፕሮቲን አለው። ማታ ወፈር ያለ ምስር ወጥ በእንጀራ ከ20 ግራም በላይ ይሰጣችኋል። ደምሩት፤ ያለ ምንም ዱቄት ሞልቷል። ከዚህ በላይ የሚገባ ፕሮቲን ደግሞ ጡንቻ አይሆንም፤ እንደማንኛውም ምግብ ለጉልበት ይውላል ወይም ወደ ስብ ይለወጣል። ዱቄቱ የሚጠቅመው ሥራና ትምህርት አላስበላ ሲል ነው። ያኔ ብትገዙ አልቃወምም። ግን ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ፣ ፀሐይ ሲመታው ያልዋለ ይሁን። የድሬ ሙቀት ዱቄት ያበላሻል።

ሁለተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ድሬም ሐረርም ብዙ ልጅ ለፍቶ ከንቱ የሚቀረው በእሱ ነውና። ጫት ማለቴ ነው። ከበርጫ በፊት ምሳ ጥሩ ይበላል፣ ያንን አውቃለሁ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ረሃብን ያጠፋል፣ እንቅልፍንም ያባርራል። እስቲ አስቡት፣ በ7 ሰዓት ምሳ በላችሁ። ማታ አፋችሁ ምግብ እንቢ አለ። እንቅልፍ የወሰዳችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በማግስቱ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሻይ ትይዛላችሁ። 21 ሰዓት ሙሉ ባዶ ሆድ! ጡንቻ ደግሞ የሚያድገው ብረቱን ስታነሱ ሳይሆን በልታችሁ ስትተኙ ነው። ለአዋቂ ከ7 እስከ 9 ሰዓት፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ጎረምሳ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

ይባስ ብሎ፣ ቅሞ ያደረ ልጅ ድካሙን ለማጥፋት ፕሪ ወርክአውት የሚባለውን ከስፖርት በፊት የሚወሰድ ማነቃቂያ ዱቄት በጥብጦ ይጠጣል። አንዱ ስኩፕ ውስጥ 200 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ካፌይን ሊኖር ይችላል። ጫቱም የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ ካፌይኑም እንዲሁ። ሁለቱን በአንድ ቀን አትደርቡ። ልቡ ደረቱን ሊቀድ መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወለሉ ላይ የተቀመጠ ልጅ አይቻለሁ፤ ያን ቀን በጣም ደንግጬ ነበር።

አቦ፣ ተው ብትለን አንተውም የምትሉ ትኖራላችሁ። እሺ፣ ቢያንስ ጂም በምትሠሩበት ቀን ይቅር። በሌላውም ቀን እራታችሁ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችሁ። ማኘክ ሲያስጠላ መጠጣት ይቀላል፤ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የፈላ ወተት፣ ሁለት ሙዝና ሁለት ማንኪያ የለውዝ ቅቤ አንድ ላይ ፈጭታችሁ ጠጡ። ባይርባችሁም ጠጡት።

ጥሬ እንቁላልን በተመለከተ አጭር ነው፤ ቀቅሉት። እኔ በ20 ዓመቴ በየጠዋቱ ስድስት ጥሬ እንቁላል እጠጣ ነበር፣ ጠንካራ ያደርጋል ስለተባልሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ በተቅማጥ ተኛሁ፣ ያገኘሁትን ኪሎም አጣሁ። ከበሰለ እንቁላል ሰውነታችን 90 በመቶ የሚሆነውን ፕሮቲን ሲወስድ ከጥሬው የሚወስደው ግማሽ ያህሉን ነው። ያልፈላ የፍየልና የግመል ወተትም ብሩሴሎሲስ የሚባል ለወራት የሚያንገላታ በሽታ ያስተላልፋል። ጥሬ ሥጋ ደግሞ ኮሶ ሊኖርበት ይችላል።

ማስ ጌነር የሚባለው ክብደት መጨመሪያ ዱቄት ላይ ብዙ ቃል አላባክንም። አብዛኛው ይዘቱ ስኳርና ስታርች ነው። ቂንጬ በወተት፣ ለውዝና ቴምር ያንኑ ጉልበት በርካሽ ይሰጣል።

ጾም ሲመጣ "አሁን ጡንቻዬ ሊጠፋ ነው" ብሎ ጂም የሚያቆም አለ። ይሄም ስህተት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና እንቁላል ባይኖርም ሽንብራ፣ ምስር፣ ባቄላና ለውዝ አሉ። ችግሩ ሽሮው ሲቀጥን ነው። በቀጭን ሽሮ እንጀራ ብቻ ነው የምትበሉት። ወፈር አድርጉት፣ አጠገቡ ምስር ይቀመጥ፣ መክሰሳችሁ ቆሎ በለውዝ ይሁን። በረመዳን ደግሞ ኢፍጣር ላይ ሆድ በሳምቡሳና በጣፋጭ ጁስ ይሞላና ዋናው ምግብ ቦታ ያጣል። በቴምርና በውሃ ፍቱ፣ ከዚያ ሥጋው ወይም ፉሉ ይቅደም። ብረት የምታነሱት ከኢፍጣር በኋላ ይሁን። ሱሁርን አትዝለሉ፤ እንቁላልና ወተት ለዚያ ሰዓት ጥሩ ናቸው።

አሁን በጣም የሚያስፈራኝ ላይ ደረስሁ። የማወፈሪያ ኪኒን። ፍሬ በፍሬ እየተቆጠረ፣ ስሙ ሳይነገር ይሸጣል። ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን ወይም ሳይፕሮሄፕታዲን ነው። ሁለተኛው የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ያደነዝዛል። የመጀመሪያው ግን ሐኪም ለከባድ ሕመም የሚያዘው ነው። በሁለት ሳምንት ጉንጭ ይሞላል፣ ሚዛን ይጨምራል፣ ሰውም "አማረብህ" ይላል። የጨመረው ውሃና ስብ ነው። ጡንቻን ግን ይሄው መድኃኒት ያፈርሰዋል፤ የእጅና የእግር ጡንቻ ይሳሳል። የደም ስኳርና ግፊት ይጨምራል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረት ይተዋል። ስለዚህ እየወሰዳችሁ ከሆነ በድንገት አታቁሙ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱና እውነቱን ንገሩት።

ጡንቻ ለማሳደግ የሚወጉት የስቴሮይድ መርፌም ያው ነው። ይሄኛው ጡንቻ ያወጣል፣ አልዋሽም። ነገር ግን የወንድ ዘር ፍሬን ያሟሽሻል፣ ለወንድ ልጅ ጡት ያበቅላል፣ ልብና ጉበት ይጎዳል። ቁመቱ ገና ያላለቀ ልጅ ደግሞ የአጥንቱ ማደጊያ ይዘጋና እዚያው ይቀራል። የ16 ዓመት ልጅ ስለ መርፌ ሲጠይቀኝ እናቱ ፊቴ ትመጣብኛለች።

ክሬቲን የሚባለው ሰፕሊመንት ከእነዚህ ጋር አብሮ ይታማል፣ ያለ ጥፋቱ። ስቴሮይድ አይደለም። በሥጋና በዓሣ ውስጥም አለ፣ ሰውነታችንም ያመርተዋል። ጤነኛ ለሆነና 18 ዓመት ለሞላው ሰው በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም በቂ ነው። የመጀመሪያ ሳምንት 20 ግራም መጠጣት ግዴታ አይደለም፤ በትንሹም ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ጡንቻው በክሬቲን ይሞላል። መጀመሪያ ላይ ኪሎ ቢጨምር ጡንቻው የያዘው ውሃ ስለሆነ ተአምር አይምሰላችሁ። የኩላሊት ችግር ያለበት ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካው። ቢወስዱትም ባይወስዱትም ድሬ ላይ ብረት የሚያነሳ ሰው ውሃ ከእጁ መለየት የለበትም። ሽንታችሁ ጠቆር ካለ ውሃ አንሷችኋል።

የቀረው ጥድፊያ ነው። በሁለት ሳምንት ለውጥ ካላየ ዱቄት የሚቀይር፣ ከዚያ ኪኒን የሚጠይቅ ብዙ ነው። ጀማሪ በወር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ከጨመረ በጣም ጥሩ እየሄደ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበሉ፣ በአንድ ሚዛን ብቻ ተመዘኑና ደብተር ላይ ጻፉት። ሁለት ቅዳሜ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ በቀን አንድ ዳቦና አንድ እፍኝ ለውዝ ጨምሩ። ከዚያ ሌላ ሁለት ቅዳሜ ጠብቁ።