ከጣና ዳር ንባቡ ሲቋረጥ፦ የሲሪያል ግንኙነት ችግርና መፍትሄ

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር የተተከለ የውሃ ከፍታ መለኪያ ንባቡን በሲሪያል፣ ማለትም ቢቶችን ተራ በተራ በሚልክ መስመር፣ ወደ ላፕቶፕ መላክ ሲያቆም ብዙዎቻችን ቀድመን የምንነካካው ፕሮግራሙን ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ ግን ትናንት ሲሠራ የዋለ ፕሮግራም በአንድ ሌሊት የሚበላሸው ከስንት አንዴ ነው፤ የሚበላሸው ሽቦው ወይም መገጣጠሚያው ነው። ስለዚህ ኮዱን ከመክፈትዎ በፊት ስክሪኑ ላይ ከሚያዩት ምልክት ይነሱ።

የመለኪያውን ቦርድ ሲሪያል መስመር ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው የዩኤስቢ መለወጫ ተሰክቶ ላፕቶፑ ላይ የፖርት (የመገናኛ በር) ቁጥር ጭራሽ ካልመጣ በመጀመሪያ ኬብሉን ይቀይሩ፤ አንዳንድ የስልክ ቻርጀር ኬብሎች የዳታ ሽቦ የላቸውም። ኬብሉ ደህና ከሆነ የመለወጫውን ቺፕ ድራይቨር (ላፕቶፑ ቺፑን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ሶፍትዌር) ይጫኑ፤ በርካሽ ቦርዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሲኤች340 ነው።

ፖርቱ ተከፍቶ አንድም ፊደል ካልመጣ መለወጫውን ከቦርዱ ነቅለው የራሱን ቲኤክስ (መላኪያ) እና አርኤክስ (መቀበያ) በአጭር ሽቦ ያገናኙና ከኪቦርድ ይጻፉ። ፖርቱን የከፈቱበት የላፕቶፕ ፕሮግራም የተጻፈውን በራሱ እንዳያሳይ ተደርጎ ሳለ ፊደሉ ተመልሶ ከመጣ ላፕቶፑም፣ ድራይቨሩም፣ መለወጫውም ጤነኛ ናቸው። ቀጥሎ የአንዱ ቲኤክስ ከሌላው አርኤክስ ጋር መገናኘቱን፣ ግራውንዳቸውም (የዜሮ ቮልት ሽቦቸው) አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

የሚመጣው ዝብርቅርቅ ፊደል ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ፍጥነቱ ነው። በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት አንድ ቢት 104 ማይክሮሰከንድ ያህል ሲቆይ በ115200 ግን 8.7 ብቻ ስለሚቆይ፣ ሁለቱ ወገኖች ካልተስማሙ ተቀባዩ ቢቱን ያለቦታው ይቆጥራል። ፍጥነቱ ተስተካክሎም ዝብርቅርቁ ካልጠፋ፣ ምንም ዳታ በማይተላለፍበት ጊዜ ከላኪው ቲኤክስ እስከ ግራውንድ ያለውን ቮልት በቴስተር ይለኩ። 3.3 ወይም 5 ካሳየ በቀጥታ ከማይክሮኮንትሮለር (ቦርዱን ከሚመራው ቺፕ) የሚወጣ የቦርድ መስመር ነው፤ ከ3 እስከ 15 የሚደርስ ኔጌቲቭ ካሳየ ግን አርኤስ-232 የሚባለው ከፍ ባለ ቮልት የሚሠራ የሲሪያል ዓይነት ነው። ይህን መስመር በቀጥታ ከማይክሮኮንትሮለር ጋር ማገናኘት የቺፑን እግር (ፒን) ሊያቃጥል ስለሚችል በመካከል እንደ ማክስ3232 ያለ ቮልት የሚያመጣጥን ቺፕ ያስገቡ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያደክመው አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋ ንባብ ነው። በአንድ ክረምት ጠዋት ጠዋት በደህና የሚሠራ የአርኤስ-485 መስመር (ለረጅም ርቀት የሚያገለግል የሲሪያል ዓይነት) ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል እየጠፋብኝ ፕሮግራሙን ለሦስት ቀናት ስፈትሽ ከረምኩ። በመጨረሻ በሐይቁ ዳር ባለው ሣር ውስጥ የተቀጠለውን ሽቦ አግኝቼ ቴፑን ስፈታው ውሃ ጠብ አለ፤ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር። የዛገውን ቆርጬ፣ በሶልደር አያይዤ፣ ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ካሰርኩት በኋላ ንባቡ አልተቋረጠም።

መገጣጠሚያው ደረቅ ሆኖም መቆራረጡ ከቀጠለ ኃይሉን አጥፍተው ኤና ቢ በሚባሉት የአርኤስ-485 ሁለት ሽቦዎች መካከል ያለውን ኦም ይለኩ። ይህ መስመር በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ሊሄድ የሚችለው ሽቦው እርስ በርሱ የተጠማዘዘ ጥንድ ሲሆንና በሁለቱ ጫፎች ብቻ 120 ኦም ሬዚስተር ሲኖረው ነው። ስለዚህ ቴስተሩ 60 አካባቢ ማሳየት አለበት፤ በረጅም መስመር ላይ የሽቦው ተቃውሞ ጥቂት ይጨምርበታል። 120 ካሳየ አንደኛው ጫፍ ሬዚስተር የለውም ወይም ሽቦው መሃል ላይ ተበጥሷል፤ 40 ካሳየ ደግሞ አንድ ሰው በመሃል ሦስተኛ ሬዚስተር ጨምሯልና እሱን ያውጡት።